ተራራ ላይ፣ በግድብ ሐይቅ ዳር፣ ያለ ክፍያ ድንኳን ተክሎ ለማደር

ተራራ ላይ፣ ከግድብ ሐይቅ አጠገብ ያሉ ክፍያ የማይጠየቅባቸው የማደሪያና የመዝናኛ ቦታዎች የብዙ ሰው የመጀመሪያ የድንኳን ሌሊት የሚያልፍባቸው ናቸው። ግድቡ ሲሠራ መንገድ ወጥቷል፣ እይታው ያምራል፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ በር ላይ ቆሞ ገንዘብ የሚቀበል የለም። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ገንዘብ የሚቀበል ከሌለ ቆሻሻ የሚያነሳ፣ ውኃ የሚያክም፣ «እዚያ ጋ አትትከሉ» የሚል፣ ነፋስ ሲነሳ የሚያስጠነቅቅም የለም። ያ ሁሉ ሥራ የእናንተ ይሆናል። በዚያ ላይ ፊት ለፊታችሁ የተኛው ውኃ ሐይቅ ይምሰል እንጂ እንደ ሐይቅ አይሠራም፤ ለኤሌክትሪክ፣ ለመስኖ ወይም ለመጠጥ ሲባል ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሰው ነው። ድንኳን የት እንደሚተከል፣ መጸዳጃ የት እንደሚቆፈር፣ የት እንደሚዋኝ፣ ልጆች የት እንደሚጫወቱ የሚወስነው ይኸው ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ደውሎ ማጣራት ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው መሬቱና ውኃው የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው እንደሚችል ነው። ዳርቻውን የሚያስተዳድረው የደን ወይም የፓርክ መሥሪያ ቤት፣ አለዚያም የአካባቢው አስተዳደር ሊሆን ይችላል፤ ውኃውንና ግንቡን ግን የሚያዘው ግድቡን የሚያንቀሳቅሰው አካል ነው። «ማደር ይቻላል» ያለው ክፍል ስለ መዋኘት የመናገር ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቁ። ከመሬቱ በኩል ስንት ሌሊት ማደር እንደሚፈቀድ፣ እሳት ማንደድ መከልከል አለመከልከሉን፣ የመንገዱ በር ማታ ይቆለፍ እንደሆነ ጠይቁ። ከግድቡ በኩል ውኃው አሁን ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ፣ በምትቆዩባቸው ቀናት ሊጨምር ነው ወይስ ሊቀንስ፣ ውኃ የመልቀቅ ዕቅድ ይኖር እንደሆነ፣ መዋኘትና ጀልባ ይፈቀዱ እንደሆነ ጠይቁ። ለመጠጥ የሚያገለግል ግድብ ከሆነ እግር መንከር እንኳ ክልክል ሊሆን ይችላል። ይህን ከደረሱ በኋላ መስማት፣ በተለይ ልጆች ለያዘ ሰው፣ ያሳዝናል።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የውኃው ከፍታ ጥያቄ ነው። ለመስኖ የተሠራ ግድብ በዝናቡ ወቅት ይሞላል፣ በደረቁ ወቅት ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ለውጡ በሳምንታት የሚታይ ነው። የኤሌክትሪክ ግድብ ግን በኃይል ፍላጎቱ ልክ በአንድ ቀን ውስጥም ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ከሁሉም ፈጣኑ ውኃን ወደ ላይ እየሳበ መልሶ ወደ ታች የሚለቅ የኃይል ጣቢያ ያለበት ግድብ ነው፤ እዚያ ውኃው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በበርካታ ሜትሮች ሊነሳ ይችላል። በእንዲህ ያለ ግድብ ዳር «ትናንት ማታ ደረቅ ነበር» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ግድቡ ሞልቶ ሳለ መሄድና ወርዶ ሳለ መሄድ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው። ሲሞላ እይታው ይደምቃል፣ የጀልባ ማውረጃው ይሠራል፣ ነገር ግን ዳርቻው ጠባብ ስለሚሆን ድንኳን የሚበቃ ሜዳ ማግኘት ያስቸግራል። ሲወርድ ሰፊ፣ ሜዳማ፣ መኪና የሚጠራ መሬት ብቅ ይላል፤ የጀልባ ማውረጃው ደግሞ ከውኃው ርቆ በደረቁ ይቀራል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ውኃው መካከለኛ ከፍታ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ የሚወርድበትን ጊዜ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ውኃው ወደ ድንኳናችሁ የሚመጣበት ዕድልም አነስተኛ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ወደ ግድብ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ለሥራ የተከፈተ የጠጠር መንገድ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል፤ ሰው፣ ውኃና ዕቃ የጫነ ትንሽ መኪና ዳገቱ ላይ ሲደክም ብልሽት ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ ማርሽ ቀንሱ፣ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ። ረጅም ጠጠር ላይ የጎማን ንፋስ ከተለመደው አንድ አምስተኛ ያህል መቀነስ መንሸራተትንም መንገጫገጭንም ይቀንሳል፤ አስፋልት ላይ ከመመለሳችሁ በፊት ግን መልሳችሁ መሙላት አለባችሁ፤ ስለዚህ የጎማ መንፊያና የንፋስ መለኪያ ይዛችሁ ውጡ። ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ቦታ መምረጥ ብርሃን ይፈልጋል፤ በጨለማ የተመረጠ ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ለውኃው የቀረበው ነው። መኪናችሁን ፊቱን ወደ መውጫ አዙራችሁ አቁሙ፤ የግድቡን በር፣ የጥበቃ መንገዱንና የጀልባ ማውረጃውን በፍጹም አትዝጉ፤ አደጋ ሲደርስ ሠራተኞቹ የሚሮጡበት መንገድ እርሱ ነው።

የድንኳን ቦታ

እንደደረሳችሁ ዕቃ አታውርዱ። መጀመሪያ ወደ ዳርቻው ውረዱና ውኃው ሲሞላ የሚደርስበትን መስመር ፈልጉ። ምልክቱ ለለመደ ሰው ግልጽ ነው። ከውኃው ጠርዝ ወደ ላይ ስትመለከቱ ድንጋዩ አንድ ወጥ ሐመር ቀለም ይዟል፤ እንጨት የሚበቅልበት የለም፤ ቢበዛ ባለፉት ሳምንታት የወጣ ቀጭን ሣር ይታያል። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ድንጋዩ ላይ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ የደረቀ አልጌ እንደ ወረቀት ተለጥፏል። ከዚያ በላይ፣ አንዳንዴ ከራሳችሁ ቁመት በላይ፣ ጭራሮ፣ የደረቀ ቅጠልና የጠርሙስ ክዳን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰልፎ ታገኛላችሁ። ከእርሱ በላይ ዛፉና ቁጥቋጦው ይጀምራል። ያ የጭራሮ መስመር ውኃው ደርሶ የተመለሰበት ነው። የግድቡ ዳር ማለት እርሱ ነው፤ ዛሬ ውኃው ያለበት ጠርዝ አይደለም። ድንኳኑም፣ መጸዳጃውም፣ የእሳቱም ቦታ የሚለካው ከዚያ መስመር ወደ ላይ ነው።

በመስመሩና በውኃው መካከል ያለው መሬት ደለል ነው። ላዩ ፀሐይ መቶት የተሰነጣጠቀና ጠንካራ ይመስላል፤ ሥሩ ግን እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ወንዝና ጅረት ወደ ሐይቁ የሚገቡበት አፍ አካባቢ ደለሉ የባሰ ጥልቅ ነው። መኪና በፍጹም አታስገቡበት፤ ጎማ አንዴ ቅርፊቱን ከሰበረ በኋላ እየተሽከረከረ ራሱን ይቀብራል፣ ሊጎትት የሚመጣው መኪናም አጠገቡ ይሰምጣል። በእግር የምትሄዱ ከሆነ በዱላ ፊት ፊታችሁን እየወጋችሁ ሂዱ፤ ዱላው በቀላሉ ከአንድ ስንዝር በላይ ከገባ ተመለሱ። እግራችሁ ከተያዘ በጉልበት አትጎትቱት፤ ወደ ኋላ ጋደም ብላችሁ ክብደታችሁን በሰፊው አሳርፉ፣ እግራችሁን በትንሽ በትንሹ እያወዛወዛችሁ ውኃ እንዲገባበት አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ለልጆች ይህን ከመጀመሪያው ሰዓት መንገር ያስፈልጋል፤ ያ ሰፊ ሜዳ ኳስ መጫወቻ ይመስላቸዋልና።

ከመስመሩ በላይ ስትወጡም የመጀመሪያውን ሜዳ አትያዙ። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከተራራው እየተንሸራተተ ወደ ጎድጓዳው ይወርድና ውኃው ዳር ይጠራቀማል፤ እርጥበቱም እዚያው ነው። ከውኃው ከ10 እስከ 20 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ መደብ ከዳርቻው ይልቅ ይሞቃል፣ ድንኳኑም ጠዋት በጤዛ የሚረጥበው ያነሰ ነው። ከጭራሮው መስመር ያለው አግድም ርቀት ደግሞ ከ60 ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ለውኃው ንጽሕናም፣ ውኃ ሊጠጡ ለሚወርዱ እንስሳትም። ጎርፍ የቀደደው ደረቅ ቦይ ውስጥ፣ በቅርብ የተሰበረ ድንጋይ የተዘራበት ገደል ሥር፣ የደረቀ ዛፍ ወይም የተሰነጠቀ ትልቅ ቅርንጫፍ ሥር አትትከሉ። ወደ ላይ ማየት ወደ ታች ከማየት እኩል ያስፈልጋል። ደረቅ ዛፍ ያለ ምንም ነፋስ ሊወድቅ ይችላል።

ነፋሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ተራራ ውስጥ ያለ የግድብ ሐይቅ በሁለት ተራሮች መካከል የተዘረጋ ረጅም ኮሪደር ነው። ቀን ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ ነፋሱ ወደ ሸለቆው ራስ ይነፍሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ማታ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ታች ይወርዳል። ከቀትር በኋላ ደርሳችሁ ድንኳኑን በዚያን ሰዓት ነፋስ ብቻ ካስተካከላችሁት ሌሊት ነፋሱ በበሩ ይገባል። ስለዚህ ጠባቡን ጎን ወደ ሸለቆው አቅጣጫ አድርጉና በሩን ወደ ጎን፣ ወደ ተራራው አዙሩት። ሁለቱም ነፋሶች በጠባቡ በኩል ያልፋሉ።

አተካከሉ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ነው። ከድንኳኑ ወለል ሰፍቶ ጠርዙ ከወጣ ከጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ ይቀበልና በላስቲኩና በወለሉ መካከል ያስተኛዋል፤ ሰው ድንኳኑ ያፈሰሰ ይመስለዋል። ላስቲኩ በየጎኑ ከወለሉ አራት ጣት ያህል መጥበብ አለበት፤ ከሰፋ ወደ ውስጥ እጠፉት። ሁለተኛው ካስማው ነው። ካስማ አናቱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ፣ ጫፉ ወደ ድንኳኑ ሥር እየገባ፣ በ45 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ ይመታል፤ ገመዱ ካስማውን በቀጥተኛ ማዕዘን ይጎትተው። ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ በብርቱ ነፋስ ሊነቀል ይችላል። የተራራ አፈር ስስ ሆኖ ካስማው አለት ላይ ከቆመ አታጉብጡት፤ ገመዱን በትንሽ ድንጋይ ዙሪያ አስራችሁ ትንሹን ድንጋይ መሬት ላይ አኑሩ፣ ከገመዱ ላይ፣ ከትንሹ ድንጋይ ፊት ለፊት፣ ትልቅ ድንጋይ ጫኑበት። ትንሹ ድንጋይ ትልቁን ተደግፎ ይይዛል። ነፋስ ባይኖርም ገመዶቹን በሙሉ ወጥሩ። ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ በዝናብ፣ በእጅ ባትሪ ገመድ መፈለግ ማንንም አያስደስትም።

ስለ ብርድ ሰው የሚያስበው ከላይ ስለሚለበሰው ነው፤ ሙቀታችንን የሚወስደው ግን ይበልጡን መሬቱ ነው። በአማካይ በየ1000 ሜትር ከፍታው አየሩ በ6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ታች ከተማ ሌሊቱ 15 ዲግሪ ከሆነ፣ 1500 ሜትር ከፍ ያለ ግድብ ዳር 5 ዲግሪ አካባቢ ጠብቁ፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ከዚያም ይወርዳል። የመኝታ ከረጢት ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንዱ በምቾት የሚተኛበት፣ ሌላው የመጨረሻ ወሰኑ ነው። ግዢው በምቾቱ ቁጥር ይሁን፤ እርሱም ከምትጠብቁት ብርድ 5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይበል። ምንጣፉ ደግሞ ብርድ የመከላከል ቁጥሩ (R-value የሚባለው) 4 እና ከዚያ በላይ ይሁን። አየር ብቻ የተሞላ ተራ ፍራሽ ውስጡ አየሩ ስለሚዘዋወር ያበርዳል፤ ስስ የስፖንጅ ምንጣፍ ከላዩ ብታነጥፉበት ልዩነቱን ወዲያው ታገኙታላችሁ። የድንኳኑን መተንፈሻ ግን በብርድ ምክንያት አትዝጉት። ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውኃ ይሆንና ጠዋት ይንጠባጠብባችኋል፤ የረጠበ የመኝታ ከረጢት ደግሞ አያሞቅም።

ውኃ፣ ምድጃ፣ እሳት

ግድብ ሙሉ ውኃ ፊታችሁ እያለ ውኃ ይዛችሁ መውጣት ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ያዙ። ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር አስቡ፤ ለአራት ሰው ሁለት ቀን 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ለመታጠቢያ የሚሆነውን ከግድቡ መቅዳት ይቻላል። የግድቡን ውኃ መጠጣት ግድ ከሆነ በመጀመሪያ ደለሉ እንዲዘቅጥ በባልዲ አሳድሩት፣ ላዩን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ ከዚያ አፍሉት። ከ2000 ሜትር በታች አንድ ደቂቃ ሙሉ እየተንፈቀፈቀ መፍላቱ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሦስት ደቂቃ ይሁን፤ ምክንያቱም ከፍታ ሲጨምር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ 3000 ሜትር ላይ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና አተር የመሰለ ነገር ተራራ ላይ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው፤ ቤት ቀቅላችሁ ውጡ ወይም ግፊት የሚይዝ ድስት ያዙ። ክሎሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ሽታ ማጣፈጫ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ለአንድ ሊትር ጥርት ያለ ውኃ 2 ጠብታ አድርጉና 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ውኃው ደፍርሶ ከሆነ እጥፍ አድርጉት። ክሎሪን የማይገድላቸው ተሕዋስያን ስላሉ ማፍላቱ ይበልጣል። የውኃ ማጣሪያ ያለው ሰው ደግሞ ሌሊት ማጣሪያውን ከጎኑ ይዞ ይተኛ፤ ውስጡ የቀረው ውኃ ከበረደ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይሰነጥቃቸዋል፣ ስንጥቁም ከውጭ አይታይም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ውኃውን ተመልከቱት። በሞቃት ሳምንታት፣ ውኃው ረግቶ ሲቆይ፣ ሳያኖባክቴሪያ የሚባለው፣ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ጥቃቅን ተሕዋስ በፍጥነት ይራባል። ላዩ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል፣ ወይም እንደ ተፈጨ ሣር ይንሳፈፋል፤ ነፋስ እየገፋ ወደ አንድ ዳርቻ ይሰበስበዋል፣ ስለዚህ ሐይቁ መሀል ንጹሕ መስሎ ድንኳናችሁ ፊት ያለው ጥግ ሊመረዝ ይችላል። መርዙ በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ይከማቻል። ተራ ማጣሪያም ክሎሪንም አይመክቱትም። አትጠጡት፣ አትዋኙበት፣ ዕቃ አትጠቡበት። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ እሰሩት፤ ውሻ ከውኃው ወጥቶ ጸጉሩን ስለሚልስ ቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው።

የጋዝ ምድጃ ብርድ ላይ እምቢ የሚለው ብዙውን ጊዜ ጋዙ ስላለቀ አይደለም። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል መትነን ያቆማል፤ አይሶቡቴን እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ፕሮፔን ደግሞ እስከ 42 ከዜሮ በታች ይሠራል። ለተራራ የሚመረጠው ፕሮፔን የተቀላቀለበት ነው። ጠዋት ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ ሳህን ውስጥ ማቆም ወይም ሌሊት የመኝታ ከረጢት ውስጥ ማሳደር ይረዳል፤ እሳት አጠገብ ማሞቅ ግን ያፈነዳዋል። ምድጃም ከሰልም ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። «ፍሙ ሊጠፋ ተቃርቧል» ተብሎ የሚገባው ከሰል የባሰ ነው፤ የሚጨሰው እየቀነሰ ጋዙ ግን ይቀጥላልና።

እሳት የሚፈቀድ ከሆነ ቀድሞ በተነደደበት ቦታ ላይ አንድዱ፣ አዲስ ጠባሳ አትጨምሩ። ዙሪያውን 3 ሜትር ከሣርና ከቅጠል አጽዱ። የወደቀ፣ ከእጅ አንጓ የማይወፍር እንጨት ብቻ ተጠቀሙ፤ እርሱ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል፣ ትልቁ ግንድ ግን ሲጨስ ያድራል። ምድጃ ለመሥራት ከውኃው ዳር ድንጋይ አታምጡ፤ ውስጡ የሰረገው ውኃ ሲፈላ ድንጋዩን ያፈነዳና ስባሪውን ይወረውረዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ እሳት አይነድድም፤ ማታ ሲሰክን ይነደዳል። ሲጠፋ ውኃ ይፈስስበታል፣ በእንጨት ይማሰላል፣ እንደገና ይፈስስበታል፤ መጨረሻ ላይ የእጃችሁን ጀርባ አመዱ ላይ አቅርቡ፣ ቀጥሎ ንኩት። ከሞቀ አልጠፋም። አፈር ማልበስ እሳት አያጠፋም፤ ፍሙን ሸፍኖ ለሌላ ቀን ያቆየዋል።

መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ተጠቀሙ፤ ከጭራሮው መስመር ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ። ደለሉ ላይ መቆፈር ቀላል ስለሆነ ሰው ወደዚያ ይወርዳል፤ ግድቡ ሲሞላ ያ ሁሉ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ታች ያለ ከተማም ያንኑ ውኃ ይጠጣል። ይህን ማየት ያናድደኛል፤ አካፋ ይዞ 60 ሜትር መውጣት ምንም አይደለም። ወረቀትና የንጽሕና መጠበቂያ አይቀበርም፣ እንስሳ ያወጣዋል፤ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ይመለሳል። ሳሙና፣ «አካባቢን አይጎዳም» ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን፣ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ የሚበሰብሰው አፈር ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን ነው። በባልዲ ቀድታችሁ ርቃችሁ ታጠቡ፣ እጣቢውን አፈር ላይ በትኑት። ምግብና ቆሻሻ ሌሊት መኪና ውስጥ ይቆለፍ፤ መኪና ከሌለ ከመሬት 4 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግንዱ አርቃችሁ በቅርንጫፍ ስቀሉት። ድንኳን ውስጥ ብስኩት እንኳ አይደር።

ውኃው ላይና ግንቡ አካባቢ

መዋኘት ከተፈቀደ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የግድብ ሐይቅ ወለል የቀድሞ ሸለቆ መሆኑን ነው። የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ፣ የአጥር ሽቦ፣ አሮጌ ግንብ፣ መንገድ ሁሉ ሥሩ አለ። ባለፈው ወር ሰው የዘለለበት ጥልቅ ቦታ ዛሬ ውኃው ወርዶ ከአለቱ አንድ ሜትር ብቻ ሊተርፈው ይችላል። ስለዚህ ከድንጋይ ላይ መዝለል ፈጽሞ አይገባም። ዳርቻውም በድንገት ገደል ይሆናል፤ ሁለት እርምጃ ጉልበት ድረስ፣ ሦስተኛው ከራስ በላይ።

ብርዱ ሁለተኛው ነው። ላይኛው ውኃ በፀሐይ ሞቆ ለእጅ ደስ ይላል፤ ጥቂት ሜትር ወርዶ ግን ከባድ ብርድ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ሳይፈልግ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ሳለ ከሳበ ይሰምጣል። በጣም በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ገደማ ሲሆን እጅና እግር አይታዘዙም። ጎበዝ ዋናተኛም የሚሰምጠው በዚህ ነው። ወድቃችሁ ከገባችሁ ለመዋኘት አትጣደፉ፤ በጀርባችሁ ተንሳፋችሁ ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ዳር። ጀልባ ወይም ካያክ ላይ የተንሳፋፊ ጃኬቱ ይለበስ፤ መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ጀልባ ሲገለበጥ ብቻውን ይንሳፈፋል። በጠዋት ውጡ፣ ከቀትር በፊት ዳር ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረጅሙ ሐይቅ ላይ የሚያነሳው ሞገድ ትንሽ ጀልባን ይገለብጣል። ሐይቁን በመሀል ከማቋረጥ ዳር ዳሩን መሄድ ይሻላል።

ተንሳፋፊ ኳሶች ወይም ግንዶች በሰንሰለት ተያይዘው የተዘረጉበትን መስመር አትለፉ። ከኋላው የውኃ መሳቢያውና የትርፍ ውኃ ማስተንፈሻው አለ። ላዩ ረግቶ እያለ ታች ያለው ስበት ሰው ይወስዳል፤ ከዚያ የሚያወጣ ዋና የለም።

ከግንቡ በታች ያለው ወንዝ ደግሞ ከሐይቁ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ድንጋዩ ንጹሕ፣ ለቤተሰብ የተመቸ ስለሚመስል። ተርባይን ሲነሳ ወይም በር ሲከፈት ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል፤ ዝናብ መኖር አያስፈልገውም። ሳይረን ካለ ስትሰሙት ዕቃ ሳታነሱ ወደ ላይ ውጡ። ሳይረን በሌለበት ምልክቶቹ የውኃው ድምፅ መጨመር፣ ጥርት ያለው መደፍረስ፣ ቅጠልና ጭራሮ መምጣት ናቸው። በወንዙ መካከል ባለ ደሴት ወይም አለት ላይ አትቀመጡ፤ መመለሻው ቀድሞ ይዘጋል። ድንኳን እዚያ መትከልማ በጭራሽ። ይህ ወንዝ በሞቃት ወቅትም ሊበርድ ይችላል፤ ውኃው የሚለቀቀው ከጥልቁ ከሆነ ፀሐይ አላየውም።

ዓሣ ማጥመድ ለሚፈቀድለት ሰው ጥሩዎቹ ቦታዎች ጅረት የሚገባበት አፍና የሰመጡ ዛፎች አካባቢ ናቸው፤ ማለዳና ምሽት። ቀን ሲሞቅ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ወፍ ለሚመለከት ደግሞ ውኃው የወረደበት ጊዜ ይሻላል፤ በተገለጠው ደለል ላይ ትል የሚለቅሙ ረጅም እግር ያላቸው ወፎች ይሰበሰባሉ። ከቁጥቋጦው ጠርዝ ሆኖ በመነጽር ማየት እንጂ ወደ ደለሉ መውረድ አያስፈልግም።

መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ ከውኃው ውጡ፣ ከጉብታው ውረዱ፣ መኪና ውስጥ ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ድንኳን ከመብረቅ አይከላከልም፣ ብቻውን የቆመ ዛፍም እንዲሁ። ፀሐይዋን አትናቋት፤ በየ1000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ የውኃው ነጸብራቅም ከሥር ይመታል፤ ብርድ ስለሆነ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ነው። ከ2500 ሜትር በላይ በአንድ ቀን በመኪና የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊይዘው ይችላል። ዕረፍትና ውኃ ይውሰድ፣ አልኮል ይተው፣ ከፍ ብሎ አይውጣ። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም የሚቀባጥር ከሆነ ግን ጠዋት አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወሰድ።

ስትመለሱ ድንኳኑን ከመንቀላችሁ በፊት አመዱን እንደገና በእጃችሁ ጀርባ ፈትሹ። ካስማዎቹን ቁጠሩ፤ ሣር ውስጥ የቀረ ካስማ የሚቀጥለውን ሰው ጎማ ወይም እግር ይወጋል። ከዚያ ሁላችሁም ጎን ለጎን ተሰልፋችሁ ቦታውን በቀስታ እየተራመዳችሁ ቆሻሻ ልቀሙ፣ የራሳችሁ ያልሆነውንም ጨምሩ፤ ብዙ ነፃ ቦታዎች የሚዘጉት በቆሻሻ ምክንያት ነው። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። ሽታው ከመጣ በደህና ቦታ ቁሙና ሳትነኩትና ውኃ ሳታፈስሱበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲቀዘቅዝ ተዉት። እርጥብ ሆኖ የታሸገ ድንኳን ቤት እንደደረሳችሁ፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ አለዚያ ይሻግታል፣ ውኃ የሚከለክለው ሽፋንም እየተጣበቀና እየተላጠ ይሄዳል።